የተደፋው እንገር

ዐብዲኑር ጅግጅጋ ውስጥ ባለ ኮሌጅ ባዮሎጂ ያስተምራል። ካንጋሮ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ስለ ካንጋሮ ግን ከሱ ጋር መከራከር አይቻልም።

«የካንጋሮ ግልገል ባቄላ አክላ ነው የምትወለደው» ይላቸዋል ተማሪዎቹን። «በሽታ የምትከላከልበት አንዳች ነገር የላትም። እናቷ ኪስ ውስጥ ተለጥፋ ስትጠባ ግን ወተቱ ይከላከልላታል። እንቁላል ጥለው የሚያጠቡት እንስሳትም እንዲሁ ናቸው፤ የጡት ጫፍ የላቸውም፣ ከቆዳቸው የሚንጠባጠበው ወተት ግን ጀርም ይገድላል።» ተማሪው አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

ሚስቱ ኢስራ ያለ ጊዜው ወንድ ልጅ ወለደች። የዐብዲኑር እናት ወይዘሮ ሀምሴ ሊያርሷት ከሀርሺን መጡ። መጥተውም የኢስራን ጡት እያለቡ ወፍራሙን ቢጫ ወተት ደፉት። «ይሄ የቆየ ነው፣ ሆድ ያሳምማል» አሉና ለሕፃኑ የስኳር ውሃ በማንኪያ ሰጡት።

ኢስራ በሩ ላይ የቆመውን ባሏን በዓይኗ ለመነችው። «ንገራቸው እንጂ!»

ዐብዲኑር ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ሚስቱ ጡት ከእናቱ ጋር ማውራት አሳፈረው። «እሷ ታውቃለች፣ እኛን ሁሉ ያሳደገች ናት» ብሎ ወጣ። ፈሪ! አፉ የሚፈታው ጥቁር ሰሌዳ ፊት ብቻ ነው።

ሕፃኑን ተቅማጥ ያዘው። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር፤ ሳይመሽ ሞተ።

«ለካንጋሮ ጠበቃ ቆመህ ለልጅህ አፍ አጣህ» አለችው ኢስራ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሐዘኑ ሳይወጣ የግቢው ፍየል ወለደች። ወይዘሮ ሀምሴ መሬት ላይ ተቀምጠው የግልገሉን አፍ በጣታቸው እየከፈቱ ከጡቷ ያገናኙታል። ዐብዲኑር ሲያያቸው ደሙ ፈላ።

«ሆዮ» ብሎ ጠራቸው እናቱን፣ «እንገሩን ለምን አልደፋሽውም?»

«አበድክ እንዴ ልጄ? እንገር ያልጠባ ግልገል መች ይተርፋል?»

«የሰውም እንደዚያው ነው።»

እናቱ ቀና ብለው አዩት። «የሰውም?»

«የሰውም።»

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

ተማሪዎቹ በየዓመቱ በቃላቸው የሚሸመድዱት ነገር ነው።

«እኔ መሃይሟ» አሉ፣ «እናቴ እንዳሳየችኝ አደረግኩ። አንተ የተማርከው በሩ ላይ ቆመህ እያየህ ዝም ስትል፣ ልክ ብሆን ነው ብዬ ደፋሁት።»

ግልገሉን መልሰው ወደ ጡቱ አስጠጉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዐብዲኑርን «ልጄ» ብለው ጠርተውት አያውቁም።