ድንጋይ አዳማጩ

የኮንክሪት ማቡኪያው መኪና ሆዱን ቀስ እያለ እያዞረ ከማዕድን ማውጫው አፍ ፊት ለፊት ቆሟል። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ ጠጠር የሚያኝክ አውሬ ያስመስለዋል። ልጅቷ የካሜራዋን ቦርሳ ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ወዲያው መልሳ አዛወረችው። 

«ኮንክሪት ለምነውት የሚጠብቅ ነገር አይደለም» አላት መሐንዲሱ። «ጥሩንባ ሲነፋ የትም ብትሆኑ፣ ምንም ብታዩ፣ ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ተግባባን?»

«ተግባብተናል።»

«እኔ እኮ ማንንም አላስገባም ነበር። የአባትሽን ጆሮ አምኜ ነው። ስለ እሳቸው ያልሰማሁት የለም።»

አባቷ ይህን ሁሉ እንዳልሰማ ሰው ዲጅኖውን ተመርኩዞ የዋሻውን አፍ ያያል። የለበሰው የድሮ የሥራ ካፖርቱን ነው፤ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። የመኪናው ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ጋሼ! ወርቅ ካገኙ እኔን እንዳይረሱኝ! ጥርሴን ላስለብጥ ነው!»

አባቷ ዘወር ሳይል ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረ።

«ወይ ኩራት!» አለ ሾፌሩ። ልጅቷ በአባቷ ፈንታ አፍራ አንገቷን ደፋችና ተከተለችው። ዛሬ ጨንቆት ነው ብላ አሰበች። ደግሞም አባቷ መልስ የሚሰጠው ደስ ሲለው ነው። ሬዲዮኑን መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ከፍቶ ሲቀመጥ እናቷ «የአባትሽ ጆሮ የሚሠራው ሲፈልግ ብቻ ነው» ትላለች። እሱም «ድሮ ሰው ይናገር ነበር፤ አሁን ሁሉም ያልጎመጉማል» ብሎ ይመልሳል።

ልጅቷ የምትሠራው በከተማዋ ትንሽ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው። ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ የአንደኛው ጣሪያ ያፈሳል። ወርቁ ይመዘንበት የነበረ ሚዛን አለ፣ ድንጋይ ይገፋበት የነበረ ጋሪ አለ፣ ብርጭቋቸው የተሰነጠቀ ፋኖሶች አሉ። ግድግዳው ላይ ሥራ አስኪያጆቹ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፤ ማሽኖቹ ሳይቀሩ ፎቶ አላቸው። ከመሬት በታች የወረዱት ሰዎች ግን አንድም ፊት የላቸውም። ድርጅቱ ካሜራ ከበሩ አልፎ እንዲገባ አይፈቅድም ነበር። ጎብኚ በመጣ ቁጥር ያን ባዶ የግድግዳ ቦታ በጀርባዋ ከልላ መቆም ልማድ ሆኖባታል።

ማዕድን ማውጫው እሷ ሳትወለድ ነው የተዘጋው። አሁን በላዩ ቤት ሊሠራበት ስለሆነ አፉ ይደፈናል። ይህ የተነገረ ሰሞን ነበር አባቷ ራት ላይ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል፣ ዋሻው ውስጥ ስላለው ግድግዳ የነገራት።

ከዋሻው ጥግ፣ ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉበት አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። አዲስ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወርድ እዚያ ከግድግዳው ፊት ያቆሙታል። አንዱ ፋኖስ ይይዝለታል፤ ሌላው ግድግዳው ላይ ያረፈውን ጥላውን ዙሪያውን ይነድፍና በጥላሸት ይሞላዋል። ከዚያ በፊት ማንም ዲጅኖ አይጨብጥም። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው «ተራራው እንዲለምደን ነዋ» አላት፤ ሌላ ምን ምክንያት ሊኖር ይችላል በሚል ዓይነት።

«አጎትሽም አለ» ብሎ ጨመረ።

አጎቷን አይታው አታውቅም። የአባቷ ታናሽ ወንድም የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን በልቶት በወጣትነቱ ነው የሞተው። ፎቶ ተነስቶ አያውቅም። አባቷ ስለ እሱ ሲያወራ አንዳንዴ መሃል ላይ ያቆማል፤ መልኩ እንደሚጠፋበት የገባት በቅርቡ ነው።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር፤ እርጥብ እንጨትና የዛገ ብረት ይሸታል። የደጁ ብርሃን ከኋላቸው ሳንቲም እያከለ ሄደ።

«መብራቱን ከራስሽ ላይ አውርጂው» አላት አባቷ። «ደረትሽ ላይ ያዥና ወደ ላይ አብሪው። እንዲህ ሆኖ ዓይኔን ይወጋኛል። ደግሞ ከኋላዬ አትሁኚ። ከጎኔ፣ ወደ እኔ ዞረሽ።»

እንዳላት አደረገች። ብርሃኑ ከአገጯ ሥር ተነስቶ ፊቷን አሞቃት።

አባቷ ዲጅኖውን አነሳና ጣሪያውን መታ። ድምፁ ጥርት ብሎ ጠራ፤ ዋሻው ውስጥ ተንከባሎ ሄዶ ጠፋ። ይህ ነበር ሥራው። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፤ ጣሪያውን እየመታ ያዳምጣል። ከተራራው ጋር የተያያዘ ድንጋይ እንደ ደወል ይጠራል። ከውስጥ የለቀቀ ድንጋይ ግን እንደ ከበሮ ነው፣ ድም ብሎ ይቀራል። ከበሮ ካለበት ማንም አያልፍም። ሰዎቹ አዳማጩ ይሉት ነበር፤ አሁንም መንገድ ላይ የሚያገኙት ሽማግሌዎች በሌላ ስም አይጠሩትም።

መታ፤ ፊቷን አየት አደረጋት፤ ተራመደ። ደግሞ መታ፤ ደግሞ አያት። የፈራሁ መስሎት ነው አለች በሆዷ፤ ደስም አላት፣ ተናደደችም። ሃያዎቹን ያጋመሰች ሴት እኮ ናት።

እርግጥ ፊቷ ለማንም ነገር ነግሮ አያውቅም። ትምህርት ቤት ሳለች አስተማሪዋ ገብቷት ይሁን አይሁን መለየት አቅቶታል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፍተኛ ውጤት አምጥተሻል ሲሏት አንዱ ፈታኝ «ደስ አላለሽም እንዴ?» ብሎ ጠይቋታል። እናቷ ደግሞ «ይቺ ልጅ ፊቷን ቆልፋ ቁልፉን ውጣዋለች» እያለች ለጎረቤት ታማታለች።

ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ። ሁሉም ነገር አንሺኝ አንሺኝ ይላታል። ነጭ ሻጋታ የወረሳቸው የእንጨት ድጋፎች። ግድግዳው ላይ የቀረ የጣት ጥፍር የሚመስል የመሮ ምልክት። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ ባለቤቱ ይመለሳል የተባለ ይመስል ደረቱ የተቆለፈ ሸሚዝ። ለእያንዳንዱ በቆመች ቁጥር ጥሩንባው በጆሮዋ ላይ የሚጮህ ይመስላታል። ሸሚዙን ፎቶ አነሳችው። የቀረውን ሁሉ ግን ዓይኗን እያዞረች አለፈችው፤ እያለፈችውም ቆጫት።

አንድ ቦታ ላይ አባቷ ሲመታ ድንጋዩ ጥርት ብሎ ጠራ። በዚያው ቅጽበት ከጣሪያው አንድ ጠብታ ወርዶ በአንገቷ ወደ ጀርባዋ ገባ፤ ተሸማቀቀች። አባቷ ቀጥ አለ። በክንዱ ወደ ግድግዳው ገፋት፤ በጠባቡ ጠርዝ፣ በጎን፣ እየተጠጉ አለፉ።

እኔ ያልሰማሁት ምን ሰማ? አለች ለራሷ። ደወል ነበር እኮ። በአባቷ ጆሮ ግን እንዲያ ልቧ ተነክቶ አያውቅም ነበር፤ እኔ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፣ እሱ ድንጋዩን ከውስጥ ነው የሚሰማው አለች።

ከመታጠፊያው በኋላ ዋሻው ከፍ እያለ፣ እየሰፋ መጣ። መብራቷን ወደ ፊት ስታዞር ከሩቅ ግድግዳ ላይ ጥቁር ነገር ተነሳ። ራስ። ትከሻ። ከአጠገቡ ሌላ ራስ። ቆመው የሚጠብቋቸው ይመስላል። 

«መብራቱን መልሺው» አላት አባቷ። ድምፁ ተቀይሯል። መብራቱን ወደ ደረቷ መለሰችው። ዲጅኖውን አነሳና ከፊት ለፊታቸው ያለውን ጣሪያ መታ።

ድም።

በሕይወቷ ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው፤ ግን ያለ አስተማሪ ለየችው። ባዶ በርሜል በጡጫ ሲመታ እንደዚያ ነው። አሁን ተመለሺ ይለኛል ብላ ጠበቀች። አባቷ ፊቷን አያት፤ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ረዘም አድርጎ አያት። እሷ ዝም አለች። ግድግዳው እዚያው ነው፤ ጥቂት ቢራመዱ ይደርሱበታል። ምናልባት ተሳስቻለሁ፤ አዳማጩ እሱ ነው።

አባቷ ዲጅኖውን ዝቅ አደረገና እግሩን አነሳ።

ያን ጊዜ ነው ጠብታው ትዝ ያላት። ደወል ነበር፤ የተሸማቀቀችው እሷ ናት፤ የቆመው እሱ ነው። መብራቱን ደረትሽ ላይ ያዥ ያላት፣ ወደ እኔ ዙሪ ያላት፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው ሬዲዮን፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም በአንዴ መጡባት።

«አባዬ!»

አልዞረም። ዘላ ካፖርቱን ከኋላ ጨመደደችና ባለ በሌለ ኃይሏ ጎተተችው። ሁለቱም ተንገዳግደው ግድግዳው ላይ ተላተሙ። አባቷ ዞሮ አያት። ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ እሷ አታውቅም፤ እሱ ግን አነበበው።

«ከበሮ ነው?» አላት።

አባቷ ስለ ድንጋይ ሰው ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ የከንፈሯን እንቅስቃሴ እያጎላች «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ቆይቷል።» ዲጅኖውን በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁል አየ። «መጀመሪያ የሄዱት ወፎቹ ናቸው። ቀጥሎ የእናትሽ ድምፅ። እሷ የናቅኋት ነው የሚመስላት።»

«መሐንዲሱን ዋሸኸው! ለእኔ እንኳ…»

«ቀስ ብለሽ።»

«ለእኔ እንኳ አልነገርከኝም!»

«ብነግርሽ ታመጪኝ ነበር?» አላት። «ጆሮሽ ደህና ነው። ፊትሽን ካየሁ ይበቃኛል ብዬ ነው። እዚያ ጋ እኮ ነግረሽኛል፤ በጥግ ያለፍነው ጊዜ።»

«ውኃ ነበር አባዬ! አንገቴ ውስጥ የገባ ውኃ!»

አባቷ አፉን ከፍቶ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር። «እስካሁን የመራኝ ውኃ ነው በይኛ» አለ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረና ጉንጯን በእጅጌዋ ጠረገች። በየመንገዱ የመታቸውን ድንጋዮች በሐሳቧ መልሳ አዳመጠች። ደወል፣ ደወል፣ ደወል። ሁሉም ደወል ነበሩ። ከበሮ ቢሆኑ ኖሮ ፊቷ ይናገር ነበር?

«በይ አንቺ እዚህ ሁኚ» አለ አባቷ። «በጥጉ ብቻዬን ልሂድ። በእጄ ብነካው ይበቃኛል።»

ካፖርቱን አልለቀቀችም።

«ወንድሜ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ፊቷን እንዳይዘጋባት እየታገለች፣ ፍርሃቷን እንዳለ ትታለት፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ነቀነቀች። አባቷ ለረጅም ጊዜ አያት። ዲጅኖውን አቀበላት።

ከብዷት ነበር። ቢሆንም አነሳችና የቆሙበትን ጣሪያ ከላያቸው መታችው። ጠራ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ጎን፣ እየዞረች መታችው፤ ጠራ። ወደ አባቷ ዞራ ፈገግ አለች፤ እሱም ጥያቄ ሳይጨምር የካሜራውን ቦርሳ ከትከሻዋ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠላት።

የካሜራውን ማቆሚያ እግሮች ዘረጋች። ከዚህ ርቀት ካሜራው ዓይኑን ከፍቶ ብዙ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ ጨለማውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ከቦርሳው ትልቅ መብራት አውጥታ ለአባቷ ሰጠችውና ቀስ እያደረገ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያበራው በእጇ አሳየችው። የራሷን መብራት ደረቷ ላይ ደግፋ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች።

ሰዎቹ ተራ በተራ ከጨለማው ወጡ። ሁሉም በጎናቸው ነው የቆሙት፤ አፍንጫ፣ አገጭ፣ የቆብ ጫፍ። አንዱ ጎባጣ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በራስ ይበልጣል። አንዳንዱን ውኃ አጥቦት ግማሹ ፈስሷል። መብራቱ ዳር ሊደርስ ሲል ቆመ።

ከሁሉም መካከል አንዱ ብቻ ፊት ለፊት ዞሮ ቆሟል። ክብ ራስ ነው፤ ከግራና ከቀኝ ጆሮዎቹ እንደ ድስት እጀታ ወጥተዋል።

«በጎንህ ቁም ብንለው እምቢ አለ» አለ አባቷ። «ጆሮዬ ይታይ አለ። እንዴት እንደሳቅን! ፋኖሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ በሳቅ እጄ አልረጋ ብሎ ሁለቴ ነው የነደፉት።» ቀጥሎም «ያ ጆሮ ለእኔ ነበር የሚገባው» አለ።

እጁ አሁንም አልረጋም። ግን ፊቱ ረግቷል። የጠፋበትን ሰው ከጆሮው ጀምሮ እያስታወሰ፣ ዓይኑንና አፉን በየቦታው እየመለሰ መሆኑን ልጅቷ ከጎኑ ሆና አየች። በቤታቸው የሰው ፊት ማንበብ የሚችለው እሱ ብቻ አልነበረም።

ያን ጊዜ ከሩቅ፣ ከሐዲዱ ወዲያ፣ ጥሩንባው ተነፋ።

ረጅም ነበር። ዋሻው ተቀብሎ እስከ እግራቸው አመጣው። ካሜራው ገና ዓይኑን አልከደነም። አባቷ ከግድግዳው ዓይኑን ሳይወድ ነቅሎ ወደ እሷ ዞረ፤ ብርሃኑ ከደረቷ ተነስቶ ፊቷ ላይ እንዳለ ወድቋል።

«ጠሩን እንዴ?» አላት።

ጥሩንባው ደገመ። ልጅቷ አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም። እሱም ጥቂት አያትና ተመልሶ ወደ ወንድሙ ዞረ።