የድስቱ ሰውዬ

«ዝጋው በቃ!» አለችው የሟቿ እህት፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ሲጮኽ። «ለቅሶ ቤት መሆኑን የማያውቅ ማነው?»

«የእሷ ስልክ ነው» አላት ባልየው፣ ልብስ ሰፊው።

ሚስቱ ከሞተች ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የሚገባው ሁሉ «ያጥናህ» ይለዋል፣ ትንሽ ይተክዛል፣ ከዚያ ከጎኑ ካለው ጋር ስለ ውሃ መጥፋት ይንሾካሾካል። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እሱ ብቻውን ነበር። «ሞተች» የምትለዋን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ከአፉ አላወጣትም፤ የሩቅ ዘመድ ሲደውል ስልኩን ለእህትየው ያቀብላል።

«እጇ እንዴት ቀላል ነበር!» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላዋ። «ልጄ ማልቀስ እንዳለበት ትዝ የሚለው ተከትቦ ቤት ከገባ በኋላ ነው።»

ልብስ ሰፊው ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ተነስቶ ማድ ቤት ገባና ስልኩን ከፈተ።

ያንን ስልክ አይወደውም ነበር። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ውስጥ ክትባት ስትሰጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ በሥራዋ ቀንቶ አያውቅም። ስልኩ ውስጥ ባሉት ሰዎች ግን ቀና። በየአገሩ ያሉ ክትባት ሰጪዎች ናቸው፤ እርስ በርስ ይማማራሉ። አንዱ ክትባቱን በጎርፍ መሃል እንዴት እንዳሻገረ ያወራል፣ ሌላዋ እምቢ ያለችን እናት እንዴት እንዳግባባች። ራት ቀርቦ የእሷ ዓይን እዚያው ነው።

አንድ ቀን ስታለቅስ አገኛት። የበረዶውን ጥቅል ትንሽ ቀልጦ እስኪያልበው ሳትጠብቅ ክትባት መያዣው ሳጥን ውስጥ ከትታው፣ ክትባቱ በረዶ ሠርቶ ተበላሽቶባታል። አለቃዋ «ጣዪው፣ አፍሽንም ዝጊ» ብሏታል። እሷ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው ጻፈችው።

«ገመናሽን ለባዕድ ትዘረግፊያለሽ?» አላት።

«አርባ ሰው ‹እኔም› ብሎኛል» አለችው። «እዚህ አንድ ሰው እንኳ ‹እኔም› አላለኝም።»

እሱም አላላትም። አሁን ራሷ ቆንጥጣ የያዘችው ይመስል ያ ንግግሯ ያመዋል።

አሁን የመጣው መልእክት ሩቅ አገር ካለች ክትባት ሰጪ ነበር። በሚያውቃት ትንሽ የባዕድ ቋንቋ እየተንተባተበ አነበበው፤ «እህቴ፣ ወዴት ጠፋሽ? ማቀዝቀዣችን ሌሊቱን ከልክ በላይ ቀዝቅዞ አደረ። ክትባቱ በረዶ ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ነገ ስልሳ ሕፃን ይመጣል። ያንን የብልቃጦቹን ፈተና ቪዲዮ ላኪልኝ፣ የድሮው ስልኬ ጠፍቷል። የድስቱን ሰውዬ ሰላም በይልኝ።»

የድስቱ ሰውዬ ደግሞ ማነው? ቪዲዮውን ፈልጎ አገኘው። ራሱ ነበር እያጉረመረመ የቀረጸላት፣ እዚሁ ማድ ቤት። ሚስቱ ሁለት የክትባት ብልቃጥ ይዛለች። «ይኼን ሆን ብዬ በረዶ አሠርቼ አቅልጬዋለሁ፤ ይኼኛውን ተጠራጥሬዋለሁ» ትላለች። እኩል ነቅንቃ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣቸዋለች። «የተጠራጠርኩት ልክ እንደ መጀመሪያው ቶሎ ከዘቀጠ፣ ይጣላል።»

ከዚያ የእሱ ድምፅ፦ «ሴትዮ፣ ድስቱ አረረ እኮ!»

«ታዲያ እሳቱን አትቀንሰውም? እጅ የለህም?»

«እጄማ አንቺን ይዟል!»

እሷ እየሳቀች ቪዲዮው ያልቃል። ከሥሩ እሷ ጽፋለች፤ «የሚጮኸው ባሌ ነው። እሱ ስልኩን ባይዝልኝ ይህን አላሳያችሁም ነበር።» ከዚያ በታች ከየአገሩ፣ ለዓመታት፣ ለድስቱ ሰውዬ የተላከ ሰላምታ ተደርድሯል። እሱ ግን ውጪ የተወችው መስሎት ስንት ራት አኩርፎ በልቷል።

ቪዲዮውን ላከው።

«ተመስገን! አለሽ ማለት ነው!» የሚል መልስ ወዲያው መጣ።

ይኼንን ለእህትየው ማቀበል አይቻልም። ራሱ ጻፈ፤ «እኔ የድስቱ ሰውዬ ነኝ። እሷ ሞተች። ነገ ሕፃናቱን ከመከተብሽ በፊት ፈትኚው።»

መልእክቱን ላከው።

«ኧረ ድስቱ!» ብላ ጮኸች እህትየው ከሳሎን። «የሚያይ ሰው የለም እንዴ እዚያ?»

ለለቀስተኛው የተጣደው ድስት ክዳኑን እያነሳ ይጥላል። ልብስ ሰፊው ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ በሌላው እሳቱን ቀነሰው።