የቴቲስ ፊት

በሠርግ እንስራ ላይ ጀግናው ፔሌዎስ ሊያገባት የባሕሯን እመቤት ቴቲስን ሲታገላት የሚሥሉ ሰዎች እጃቸው ቢቆረጥ አላዝንም። እሷ አንዴ አንበሳ፣ አንዴ እባብ ሆና ስትወራጭ፣ እሱ ወገቧን ጨምድዶ ሲይዛት! ይህ ለወይን ጠጪዎች ጋን ይሆናል። በዚያ እንስራ ከካሊሮኤ ምንጭ ተቀድቶላት የምትታጠብ ሙሽራ ግን ምን ትማራለች? የሁለቱን ሠርግ ሣሉላት እላለሁ፤ ሠረገላውን፣ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሙሽሮች፣ ስጦታ ይዘው የሚከተሏቸውን አማልክት። በዚህ ክርክር በሰፈራችን በኬራሜይኮስ ካለ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ግድ የለኝም።

ስለዚህ የልጄን የክሊቶን እንስራ እኔው ሠርቼ፣ ታናሽ ወንድሜን ዴክሲጶስን ሠረገላውን እንዲሥል አዘዝኩት።

በሠርጓ ቀን ጠዋት እቶኑን ከፈትን። እንስራው ሳይሰነጠቅ፣ ጥቁሩ እንደ በሰለ የወይራ ፍሬ እያብለጨለጨ ወጣ። ሥዕሉን ለማየት ዞር ሳደርገው ክው አልኩ። የሴት ገላ በነጭ እንደሚቀባ፣ ጥቁሩ ለወንድ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። የቴቲስ ፊትም ክንድም ጥቁር ነው። ሠረገላው ላይ ወንድ ወንድ አግብቶ ተቀምጧል።

“ነጩስ?” አልኩት።

“ነጩ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀባው፣ ጋሼ። ብሩሼን ሳነሳ ‘እቶኑ አንተን ይጠብቃል?’ ብለህ እንስራውን ነጠቅከኝ።”

“ታዲያ አፍ የለህም?”

“አንተ ስትጮህ አፍ ያለው ማን ነው?”

በጥፊ ባልኩት ነበር፤ ግን ጊዜ አልነበረኝም። ባለፈው ወር ገበያ መሐል የሙሽራውን አባት “ልጅህን ቀሚስ አልብሰው፣ እኔ ባል እፈልግለታለሁ” ብዬዋለሁ። ሽማግሌዎች በስንት ልመና ነው ያስታረቁን። ይህን ሥዕል ካዩ ስድቡን በሸክላ ጽፌ የላክሁላቸው ይመስላቸዋል። ክሊቶም ሳታገባ ትቀራለች።

“አሁን ነጭ ብቀባውስ?” አለ ዴክሲጶስ።

“ሳይተኮስ? ውሃ ሲነካው ተጠራርጎ ይሄዳል፣ ደንቆሮ!”

ክሊቶ ጩኸታችንን ሰምታ ከቤት ወጣች። ሥዕሉን አይታ ፈገግ አለች። እኔ ላለቅስ ነው፣ እሷ ትስቃለች!

“አባባ፣ የእኔን ፊት ዛሬ ማን ያየዋል? ባሌ ቤት ደርሼ እስክገለጥ ድረስ በዓይነ ርግብ ተሸፍኜ አይደል የምውለው? እሷንም ሸፍኗት። እንስራ ላይ ልብስ እንደሆነ የሴትም ጥቁር ነው።”

ዴክሲጶስ ወስፌውን አንስቶ በቴቲስ ፊትና ክንድ ላይ የጨርቅ እጥፋት መጫር ጀመረ። ጥቁሩ በተፋቀ ቁጥር ከሥሩ የሸክላው ቀይ መስመር ብቅ ይላል። የመጨረሻውን ሲጭር የዋሽንት ድምፅ ሰማን፤ የሙሽራው እናት ቲማሬቴ ዘመዶቿን አስከትላ በሩ ላይ ደረሰች።

እንስራውን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው።

“ይቺ የተሸፈነችው ማን ናት?”

“ቴቲስ ናት፣ እሜቴ። ገና አልተገለጠችም።”

“ሌሎቹ ፊቷን ይሥላሉ።”

“ሌሎቹማ ምን ያውቃሉ! ሌሎቹ—” ክሊቶ እግሬን ረገጠችኝ።

ቲማሬቴ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አሳለፈች።

“እኔ ሳገባ” አለች፣ “የባሌ አክስቶች መንገድ ላይ እየገለጡ ጥርሴን ሲቆጥሩ ነበር፤ እንደ በቅሎ። ይቺ ታድላለች።” ቀና ብላ አየችኝ። “ለካ ጨዋነትም ታውቃለህ! ባሌ እንደ ነገረኝ አይደለህም።”

“ባልሽ ብዙ ያወራል፣ እሜቴ።”

ከት ብላ ሳቀች። እንስራውን አስይዛ ሴቶቹን እየመራች ወደ ምንጩ ወረደች።

የማገዶው ክምር ላይ ዘጭ አልኩ። ዴክሲጶስ ወይን ቀዳልኝ። ውሃ ሳልቀላቅል ጨለጥኩት።

“እንደ አረመኔ ወይን ያለ ውሃ ትጠጣ ጀመር እንዴ፣ ጋሼ?”

“ድገመኝ” አልኩት።