የወረቀት በር ያለው ቤት

ጃፓን ገጠር ውስጥ ቤት ልንገዛ ነው ስለው ባሌ ሽጉጤ ትኩሳት የያዘኝ መስሎት ግንባሬን ዳሰሰ። አልፈርድበትም፤ በደስታ ሰክሬ ነበር። እዚያ ወጣቱ ሁሉ ከተማ እየገባ የገጠር ቤት በርካሽ ይሸጣል፤ እኔም ስልኬ ላይ ሳፈጥ ከርሜ የልቤን አገኘሁ። የእንግዳ ማረፊያ እናደርገዋለን።

«ጣሪያው ሳር ነው እንዴ?» አለ ፎቶውን እያየ። «ሆሳዕና ከሳር ቤት ወጥተን፣ ጆበርግ ድረስ ተሰደን፣ መልሰን ሳር ቤት እንግዛ?»

ይህንንስ በሳቅ አለፈው። ጣጣው የመጣው የቤቱን ባለቤት በቪዲዮ ያነጋገርን ቀን ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ሰፈር ባለችው ስፓዛ ሱቃችን፣ ዳቦ በምናቀብልበት የብረት ፍርግርግ ጀርባ፣ ስልኩን የዘይት ጀሪካን ላይ አስደግፈን ተቀመጥን። ወይዘሮ ፉሚኮ የሚባሉ አሮጊት ቤቱን እየዞሩ ያሳዩናል፤ አብሯቸው ያለው ደላላ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል። አሮጊቷ የመኝታ ቤቱን በር በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ተንሸራቶ ተከፈተ።

«ከምንድን ነው የተሠራው?»

«ከወረቀት» አለ ደላላው።

ሽጉጤ ዘሎ ተነሳ። ከተዘረፍን ወዲህ የሽንት ቤቱን መስኮት ሳይቀር በብረት ያጠረ ሰው ነው። «የብረት በርግላር የለውም? እንግዲያው ዙሪያውን ብረት እናስገባለታለን!»

ወይዘሮ ፉሚኮ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። ብረት ለሚያስገባ ሰው አልሸጥም አሉ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። «እንግዶቹን ልታስራቸው ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

«ሳውቦና ማማ፣ ዳቦ!» አለች አንዲት ደንበኛ ከውጭ፣ በዙሉኛ ሰላም ብላን። ሽጉጤ ዳቦውን በፍርግርጉ ቀዳዳ አሾልኮ ሰጣትና ተመለሰ።

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለው ደላላውን፤ «እሳቸው በሌሉበት ሰው ቢገባስ?»

«ይገባል እንጂ» አሉ አሮጊቷ። «ጎረቤቴ ትገባለች። ጎመን አምጥታ ማድ ቤት አስቀምጣልኝ ትሄዳለች።»

«ወስዳ ነው አስቀምጣ?» አለ ሽጉጤ።

«አስቀምጣ።»

ሽጉጤ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ሳቁ አመለጠውና ሆዱን ይዞ የስኳር ኩንታሉ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ተከተልኩት። ወይዘሮ ፉሚኮ ምን እንደሚያስቀን ሳያውቁ አብረውን ይስቃሉ፤ ደንበኛዋም ከፍርግርጉ ማዶ ዳቦዋን ታቅፋ ትንከተከታለች።

«በሌ» አለኝ ስሜን አቆላምጦ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «እኔ እኮ ድሮ በር ሲንኳኳ ደስ የሚለኝ ሰው ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

«ብረቱ ይቅር፤ ግዢው» አለኝ።