ድምፁን የመረጠው ሰው

«እንደ ወንድ ነው የሞተው!» አለ የሬዲዮው ጋዜጠኛ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ። «ሐኪሞቹ ‹ማንቁርትህን አውጥተን አንተ ትረፍ› ሲሉት ‹ዘፍኜ እሞታለሁ› አለ። እስቲ ከመካከላችን ይህን የሚል ማን ነው?»

ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ በመሐረብ ዓይኑን ጠረገ። ሚስትየው በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ወለል ወለሉን ታያለች። ይህን ወሬ ከቀብር መልስ ጀምሮ ስትሰማው ነው የከረመችው። ተናጋሪው ይለዋወጣል እንጂ ወሬው ያው ነው፤ እያደረ ደግሞ እያማረበት ሄዷል። መጀመሪያ «እምቢ አለ» ነበር። ትናንት «ሐኪሟ ላይ ሳቀባት» ሆነ። ዛሬ ጭራሽ ከሆስፒታል እንደወጣ በቀጥታ መድረክ ላይ ወጥቷል።

ከፊት ለፊቷ ጊታሪስቱ ተቀምጧል። ከባሏ ጋር አንድ ሰፈር ያደገ፣ የሮክ ባንዱን አብሮት ያቋቋመ፣ ዕድሜ ልኩን መድረክ ላይ ከቀኙ ያልተለየ ሰው ነው። ሻይ ሲሰጡት ይቀበላል፤ ሳይቀምሰው ይቀዘቅዝና ይወስዱለታል። ሐዘኑ ከተጀመረ አንዴም ዓይኗን አላየም።

ከባሏ ጋር የተዋወቁት ሱሪው ተቀዶ ነው። ያኔ እሷ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከመድረኩ ጀርባ የተዋናዮች ካባ እያጠበበች ሳለ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ቀጭን ጎረምሳ ማይክ እንደጨበጠ እየሮጠ መጣና ጀርባውን ሰጣት።

«እህቴ ድረሺልኝ! ጊታሩ እስኪጨርስ ነው ጊዜ ያለኝ!»

ሱሪው ከኋላ ለሁለት ተከፍሏል። እንደለበሰው መስፋት ጀመረች። ስትቸኩል መርፌው ወጋው፤ «ወይኔ!» ብሎ ማይኩ ላይ ጮኸ። አዳራሹ የዘፈኑ አካል መስሎት አብሮት «ወይኔ!» አለ። ጊታሪስቱም ጓደኛው የውሃ ሽታ ሲሆንበት አንዷን ዜማ እየደጋገመ፣ ጣቱ እስኪደማ ሲጫወት ቆየ። በኋላ ያቺን ምሽት ያዩ ሁሉ እንዲያ ያለ ጊታር ሰምተን አናውቅም ይሉ ነበር።

በዚያ ዘመን ሮክ የእብድ ሙዚቃ ነው የሚባለው። የገዛ አባቱ «ይሄ ልጅ ምን አሞት ነው የሚጮኸው?» እያሉ ጎረቤት ፊት ያፍሩ ነበር። የመጀመሪያው ካሴት ሲወጣ ግን ታክሲው፣ ሱቁ፣ ፀጉር ቤቱ ሁሉ የሱ ሆነ። ሕዝቡ «ነጎድጓድ» አለው። አንዴ በኮንሰርት መሃል መብራት ሲጠፋ፣ ያለ ማይክ፣ ጨለማ ውስጥ ዘፍኖ ጨርሷል።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ የሙሉ ባንድ ሥራ መሥራት ቻለ። ነጎድጓድን ለሠርግ ይጠሩትና «ቀዝቀዝ ያለ ነገር የለህም?» ይሉታል። ዘፍኖ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ይዘረጋል። እሷ ቦርጩ በገፋ ቁጥር የመድረክ ጃኬቱን ስፌት እየፈታች ታሰፋለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ደግሞ ምን እንደነካቸው ሳይታወቅ፣ ካሴት የሚባል ነገር አይተው የማያውቁ ልጆች እንደገና ፈልገው አገኙት። ስታዲየም ሞላ። የእሱም ዓይን እንደገና የዚያ ጎረምሳ ዓይን ሆነ።

ድምፁ መጎርነን የጀመረው በዚህ መሃል ነው። «ጉንፋን ነው» ይላል። ከረመ። በመጨረሻ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ሐኪሟ ነገር አታሽሞነሙንም። ካንሰር ነው፤ ገና አልተሠራጨም፤ ማንቁርቱ ከወጣ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዳግመኛ ግን አይዘፍንም፤ እንደ ድሮውም አያወራም። ያን ዕለት ጊታሪስቱ እቤት መጣ። ሁለቱ ይህችው ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለው ባሏ።

ጊታሪስቱ ቀና ሳይል «ድምፅህ ከወጣ የሚተርፈው ሰውዬ ማነው?» አለው።

ባሏ ሳቀ። እሷ ከጓዳ ወጥታ «እኔ ያገባሁት አንተን ነው፤ ጉሮሮህን አይደለም!» ብላ ጮኸችበት። «ሁለታችንንም አንድ ላይ ነው ያገባሽን» አላት፤ አሁንም እየሳቀ። ለመነችው፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። «ዘፍኜ እሞታለሁ» አለ። ያንን ብሏል። የጋዜጠኛው ወሬ እስከዚህ ድረስ እውነት ነው።

በሩ ተከፈተና ከከሰዓት በኋላው ፀሐይ ጋር አንዲት ወጣት ገባች። ሰዉ ቦታ ለቀቀላት፤ በቅርቡ ስሟ የወጣ የሮክ ዘፋኝ ናት። ቀጥ ብላ ወደ ሚስትየው መጥታ ጎንበስ አለችና እጇን ያዘች።

«እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ።» ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ የቃሉ ጫፍ ላይ ይሰነጠቃል። ሚስትየው ቀና አለች። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች።

«ጉንፋን ነው?» አለቻት።

«አይደለም፣ እትዬ። እኔም እንደሱ ነኝ።» ልጅቷ ፈገግ አለች። «ጉሮሮዬ ላይ እባጭ አለ ተባልኩ። በዚህ ሳምንት ሊያወጡልኝ ነበር። ከዚያ ለወራት ዝም በይ፣ ምናልባትም ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል አሉኝ። የእሱን ታሪክ ስሰማ ቀጠሮውን ሰረዝኩት። ቅዳሜ መታሰቢያው ላይ እዘፍናለሁ።»

«ጎበዝ!» አለ ጋዜጠኛው። «እሱ አልሞተም ማለት ይሄ ነው!»

ሚስትየው ብድግ አለች።

«ስሚኝ፣ ልጄ። መኖር ፈልጎ ነበር።»

የልጅቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«ያን ቀን እሞታለሁ ብሏል፤ አልዋሽሽም። አንድ ዓመት ዘፈነ። ከዚያ ወደቀ። መተኛት እንኳ አልቻለም፤ ትራስ ተደግፎ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው። አንድ ጠዋት ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠግቶ ‹ሐኪሟን ጥሪያት፤ አሁን ያውጡልኝ› አለኝ። ደወልኩላት። ጊዜው አልፏል አለችኝ። ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው? ‹ሰኞ ያወጡልሃል› አልኩት። ደስ አለው። ‹ጢሜን ላጪኝ፣ ቆሻሻ ሆኜ አልሂድ› አለኝ። ሰኞ ሲመጣ ረስቶት እንዲያድር እጸልያለሁ፤ እሱ ግን አይረሳም። ‹ዛሬ ነው አይደል?› ይለኛል። ‹ሐኪሟ ጉዞ ላይ ናት፣ ለሚቀጥለው ሰኞ› እለዋለሁ። እንደዛ እያልኩ ነው የሸኘሁት። ዘፈኑን አንድ ቀን አላነሳውም። ‹ድምፅ አልባ ሆኜ ጥግ ይዤ ብቀመጥ፣ አንቺ ስትሰፊ ባይ ምን አለበት› ነበር ያለኝ። ሂጂና ያውጡልሽ። ዛሬውኑ ሂጂ።»

ጋዜጠኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐዘን ነው» አለ፣ ለሷ ሳይሆን ለቤቱ። «ሐዘን ብዙ ያናግራል። እህቴ፣ ቁጭ በይ፤ ውሃ ስጧት።»

ልጅቷ እጇን አሻሸችላት። ዓይኗ እንባ አቅሯል፤ የእንባው ምክንያት ግን ሌላ መሆኑ ያስታውቃል።

«ይገባኛል፣ እትዬ። ስለወደዱት ነው። የእኔም እናት እንዲሁ ትላለች።» ግንባሯን ሳመቻትና ወጣች። ጋዜጠኛው ብርጭቆውን አስቀምጦ ከኋላዋ ተከተላት፤ ከበሩ ማዶ ስለ ቅዳሜው ፕሮግራም ሲጠይቃት ይሰማል።

ሌሎቹም አንድ በአንድ «ያጥናሽ» እያሉ ተነሡ። እንዲያ ያለ ነገር በሰው ፊት መነገሩ አሳፍሯቸው ጫማቸውን እያዩ ነበር የሚወጡት። ጊታሪስቱ ብቻ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ቤቱ ባዶ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«እኔን… አንስቶኝ ያውቃል?»

«ያነሳህ ነበር።»

«ምን ይላል?»

ውሸት አፏ ላይ መጥቶ ነበር። ሰኞ ሰኞ እያለች ስትዋሽ ከርማለችና አንድ ተጨማሪ ምንም አልነበረም። ግን ደከማት።

«‹አልመጣም?› ይለኛል። በር በተንኳኳ ቁጥር።»

«እንደዚያ ሆኖ ላየው አልቻልኩም።»

«አውቃለሁ። እሱም ያንኑ ነበር የሚለው። ‹ተይው፣ ፈርቶ ነው› ይለኝ ነበር።»

ጊታሪስቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ልታጽናናው ፈለገች፤ የለም፣ አልፈለገችም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሰማት። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። አድናቂዎቹ መንገዱ ላይ ተሰብስበዋል። አንዱ የመኪናውን ቴፕ እስከ ጥጉ ከፈተው፤ የመጀመሪያው ካሴት የመጀመሪያ ዘፈን። የዚያ የቀጭኑ ጎረምሳ ድምፅ፣ ምንም ያልነካው፣ ቤቱን ሞላው። ልጆቹ ዜማውን እየሳቱ አብረውት ይጮኻሉ።

ጊታሪስቱ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። መቀርቀሪያው ላልቶ ስለነበር ተመልሶ ተከፈተ። እንደገና ገፋውና በግራ መዳፉ መስታወቱን ደግፎ ቆመ። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ መስታወቱ ከእጁ ሥር ይንቀጠቀጣል። ጥቂት እንደቆየ ጣቶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አንዱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ታች፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ጎን፤ የዘፈኑን የጊታር ኮርዶች አንድ በአንድ እየያዙ እየለቀቁ። እሱ አላወቀውም። ዓይኑን ጨፍኗል።

እሷ ግን አየችው። ተነሥታ ሄደችና መዳፏን ጣቶቹ ላይ አደረገች። መንቀሳቀሳቸውን እስኪያቆሙ ድረስ ተጭና ያዘቻቸው።