ያልተወለወለው ሰሌዳ

«የሩአን ከተማን ከበርቴ ሁሉ ምስል ከነሪዙ አንስተህ፣ የልጄን ፊት እንዴት አጣኸው?» አሉ እማማ ኤዶክሲ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

አማቻቸው ቴዎፊል አቀረቀረ። ሚስቱ አርማንዲን የተቀበረችው ትናንት ነው። የቤቱ መስታወቶች እንደ ወጉ ጥቁር ጨርቅ ለብሰዋል፤ ጎረቤቶች የፖም ጠጃቸውን ይዘው ጥግ ጥጉን ተቀምጠዋል። አሮጊቷ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጃቸውን ምስል።

«እውነታቸውን እኮ ነው» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ፔላጂ በሹክሹክታ። «የዳኛውን ውሻ እንኳ አንስቶት የለ?»

«ውሻው አርፎ ይቀመጣል። አርማንዲን መች አርፋ ታውቅና?» አለች ጎረቤቷ።

ሐሜት ነው እንጂ አርማንዲንስ ተቀምጣለች። ቴዎፊል የዳጌሮታይፕ ባለሙያ ነው፤ ብር በተለበጠ፣ እንደ መስታወት በሚያበራ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ሰውን በፀሐይ ብርሃን ያትማል። በየማለዳው የቀኑን ብርሃን የሚለካው የሚስቱን ፊት በማንሳት ነበር። ምስሉ ብቅ ሲል ያየውና «ደህና ነው፣ ወልውይው» ይላታል። ሰሌዳው ውድ ነው፣ ለደንበኛ ይፈለጋል። እሷም በአጋዘን ቆዳ የገዛ ፊቷን ፈትጋ ታጠፋዋለች።

«ዛሬ ደግሞ አፍንጫዬ አልለቅ አለኝ!» እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን ብቻ ሳትስቅ፣ «ይቺን እንኳ ብናስቀራትስ?» አለችው።

«ሲደላን» አላት። ሳይደላቸው ሞተች።

ይህን እያሰበ ሳለ ድንገት ብድግ አለ። የሞተችበት ትኩሳት አልጋ ላይ በጣላት ማለዳም እኮ ተቀምጣለት ነበር! የዚያን ቀኑን ሰሌዳ ማን ወለወለው? ማንም።

ደረጃውን ሮጦ ወደ ሥራ ክፍሉ ወጣ። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሲስበው አርማንዲን እዚያው አለች። ሊያመልጣት የደረሰ ሳቅ ከንፈሯን አጣሞታል፤ እጇ ስለተነቃነቀ ጭስ መስሏል። በመስታወት እንኳ ሳይከድናት ይዟት ወረደ።

«ውይ ልጄን! እሷው ናት፣ ይቺ ቀልደኛ!» እማማ ኤዶክሲ ሰሌዳውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። እንባቸው ጠብ አለበት።

እንዲህ ያለ ምስል የቢራቢሮ ክንፍ ላይ እንዳለ ዱቄት ነው፤ መስታወት እስኪገጠምበት ድረስ ጣት አይችልም። ቴዎፊል በስንት ባላባት ላይ «አይንኩት!» ብሎ ጮኾ ያውቃል። እናትን ግን፣ ያውም በለቅሶ ቤት፣ ልጅሽን አትንኪ ማለት አሳፈረው።

እማማ ኤዶክሲ እንባው ልጃቸውን እንዳያበላሽባቸው ፈርተው በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት። ደግመው፣ አጥብቀው ጠረጉት።

«የታለች?» ሰሌዳውን አዘነበሉት፣ አዞሩት። «ምነው እኔን ብቻ ያሳየኛል?»

ፔላጂ አንገቷን አስግጋ አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«ብርሃኑ ደክሞ ነው እማማ» አለ ቴዎፊል። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ነገ፣ ቀን ሲሆን ያይዋታል።»

ሰሌዳውን ከእጃቸው ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከአርማንዲን ጥጉ ላይ የእጅጌዋ ጥለት ብቻ ቀርቷል። ንጹሕ መስታወት መርጦ ገጠመበት፤ ከዚያም የወረቀት ጥብጣብ ሙጫ እየቀባ፣ አቧራ እንዳይገባበት ጠርዙን ዙሪያውን አሸገው።