ላፕቶፑ ዋስ አለው

...እና ደግሞ ዳንቴልን ነውር ያደረገው ማን ነው፣ ቢቸና ላይ የተዳረች ሙሽራ ሁሉ የሀብትነሽን የእጅ ሥራ ይዛ አይደል ጎጆ የወጣችው፣ ይኸው በዚህ ዕድሜዋ ዳንቴሉን እንዳታነሺባቸው እምዬ፣ አደራ፣ ትባል፣ ያውም በገዛ ልጇ፣ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን ትቶ ወደ ሞጣ ይከንፋል፣ ሀብትነሽ ላፕቶፑን ከነቦርሳው ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች፣ ሾፌሩ እናቴ ከኋላ ላስቀምጥልዎ ቢላት አንተ መሪህን ያዝ ብላዋለች፣ የልጄ ማስተርስ እዚህ ውስጥ ነው፣ ይህን አላለችውም፣ በልቧ ነው፣ ጮክ ብላ ብትለውም ግን አታፍርም ነበር።

ማስተርስ። ቃሉ አፏ ላይ ይጣፍጣታል። ገበያ ስትወጣ የመምህርት ማርያማዊት እናት ናቸው ይላሉ፣ እሷም ያልሰማች መስላ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ሰምታለች እንጂ፣ ሁለቴ እንዲሉላትም ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ሰኞ ደግሞ ልጅቱ ባሕር ዳር ሄዳ በዶክተሮቹ ፊት ቆማ ጽሑፏን ልታስረዳ ነው፣ ጽሑፉ ግን ያለው እዚህ ዕቃ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው፣ ዕቃው ሲከፈት ይግላል፣ ግሎ ግሎ ድርግም ይላል፣ ማርያማዊት ፍላሽ ላይ ልገልብጠው ስትል ድርግም፣ እንደገና ስትሞክር ድርግም፣ ትናንት ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፣ ዛሬ ራሷ እንዳትመጣ ተማሪ ትፈትናለች፣ ምን ቸገረ፣ እናት ለመቼ ናት።

አልብሳዋለች። አዎ፣ አልብሳዋለች፣ በሀብትነሽ ቤት ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ የሶፋው መደገፊያ ለብሷል፣ የሟች ባሏ ሬዲዮ እንኳ ድምፁ ከጠፋ ወዲህም ከነልብሱ ነው፣ ታዲያ የቤቱ ክቡር ዕቃ ዕርቃኑን ጠረጴዛ ላይ ይጋደም? በልኩ ነው የሠራችለት፣ ነጭ ክር፣ ባለ ዘርፍ፣ መስታወቱና ፊደሉ ብቻ እንዲታዩ ክፍት ትታ፣ ከሥር፣ ከጎንና ከኋላ ግጥም፣ አቧራ እንዳይገባው፣ ማርያማዊት አቅፋ ስማታለች፣ ዕቃው እንደለበሰም ስትጽፍበት ከርማለች፣ ያ ከጎኑ ያለው ወንፊት መሳይ ነገር መተንፈሻው መሆኑን ማን አወቀ፣ ልጅቱ የታሪክ መምህርት ናት፣ የነገሥታቱን ዘመን ጠይቋት፣ የላፕቶፕ አፍንጫ የት እንደሆነ አትጠይቋት። ኋላ ገፈፉት። መጋሉን ግን አልተወም፣ ውስጡ አርሮ ይሆን፣ እኔ አቃጥዬው ይሆን፣ ይህን ስታስብ ቦርሳውን ጠበቅ ታደርጋለች።

ታደለ፣ ቢቸና ላይ ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነው፣ ዕቃውን ገልብጦ ብሎን መፍቻውን ሲያነሣ እጅህን ሰብስብ ብላዋለች፣ ብሎኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ከተቀደደች ዋስትናው ይፈርሳል፣ ማርያማዊት በገዛችው ቀን ነግራታለች፣ ዓመት ሳይሞላው ከተበላሸ የሸጡት ሞጣዎች በነፃ ይሠሩታል፣ ምነው እትዬ ሀብትነሽ እኔን አያምኑም እንዴ፣ አምንሃለሁ ልጄ፣ ግን ዋስ አለው፣ ዋስ ያለው ዕቃ ዋሱ ሳይጠራ አይነካም።

ዋስ መጥራት ደግሞ ለሀብትነሽ አዲስ ነገር አይደለም። አባቷ ለስንቱ ዋስ ሆነው ቆመዋል፣ ዋስ ሲጠራ ሥርዓት አለው፣ ደጁ ድረስ ትሄዳለህ፣ ሰላምታህን ሳትቆርጥ ትጨርሳለህ፣ ከዚያ ነገሩን ከነጥፋትህ ትዘረግፈዋለህ፣ አንዲት ነገር ከሸሸግህ ዋሱ በነፃ ተፈታ፣ አባቷ እንዲህ ነበር የሚሉት፣ ግማሽ ነገር ይዞ ዋስ የሚጠራ ዋሱን ገደል ይሰዳል፣ ልጅቱስ ምን አለች፣ ሞቀ ብቻ በያቸው፣ ሌላ አትናገሪ፣ እኮ ለምን፣ ዋስትናውን እንዳይከለክሉን ነው? ወይስ በእኔ አፍራ? እሱ ነው የሚቆጠቁጣት፣ ዋስትናው አይደለም፣ እሱ ነው፣ በዚያ ዳንቴል አይደል ያስተማርኋት፣ ደብተሩ ከዳንቴል፣ ጫማው ከዳንቴል፣ እና ዛሬ ስሙ እንኳ እንዳይነሣ።

ሞጣ። ፀሐይ፣ ባጃጅ፣ ጩኸት። ላፕቶፑን የሸጠው የሐጂ ሰይድ ሱቅ ይኸ ነው፣ ፊት ለፊት ሐጂ ራሳቸው፣ ከውስጥ ሴት ልጃቸው ሪሃብ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅራ የሰው ዕቃ ስትፈታ፣ ይግቡ እትዬ፣ ከየት ነው፣ ከቢቸና፣ እንዴት ነው ቢቸና፣ ዝናቡስ፣ ተመስገን፣ እናንተስ ዘንድ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሰላምታው ሳይቆረጥ ያልቃል፣ ሀብትነሽ ዕቃውን ከነወረቀቱ ታቀርባለች፣ ምን ሆነ ይሏታል፣ ሞቀ፣ ትላለች።

ሞቀ። እዚህ ላይ መቆም ይቻላል። ልጅቱ የለመነቻት እዚህ ላይ እንድትቆም ነው፣ ሐጂ ወረቀቱን እያዩ ነው፣ ሪሃብ እጇን ዘርግታለች፣ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፣ አባቷ ግን ያውቃሉ፣ ሞተውም ያውቃሉ፣ ሰኞ ደግሞ አለ፣ ዶክተሮቹ አሉ፣ ልጄ ባዶ እጇን ልትቆም፣ ዝም በይ ሀብትነሽ፣ ዝም በይ፣ ሞቀ፣ እኔም አልብሼው ነበር።

ምን አለበሱት? ዳንቴል ነዋ፣ በልኩ ሠርቼ፣ ከሥርም ከጎንም። ሪሃብ ሻርፗን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሐጂም ቢሆኑ ጢማቸው ሥር የሚታገላቸው ነገር አለ፣ አላሁ አክበር፣ ላፕቶፕ በዳንቴል፣ ከዚያ ይፈነዳሉ፣ አባትም ልጅም፣ የሀብትነሽ ጆሮዋ ይግላል፣ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር፣ ግን አልተከፈተችም፣ ስለዚህ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ ሳቂ ልጄ፣ ትላለች፣ የሚያምር ዳንቴል ነበር፣ ብታይው አንቺም ይሠራልኝ ባይ ነበርሽ። እና ድንገት ራሷም፣ ያ ዕቃ በዘርፍ ተጠቅልሎ እንደ ሙሽራ ሲያልበው ታይቷት፣ ራሷም ሳቅ ያመልጣታል፣ ዕንባዋ እስኪመጣ።

ከሳቁ በኋላ ግን ሥራ ነው። ሐጂ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እትዬ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ እኔም እውነቱን ልንገርዎ፣ ወረቀቱ የአየር መውጫውን የሸፈነ ዋስትና የለውም ይላል። እሺ። በቃ እሺ። አትለምንም፣ ለምና አታውቅም፣ በሩን ዘግታ ለብቻዋ ባለቀሰችበት ዘመን እንኳ አልለመነችም፣ እጇ ወደ ቦርሳው ይሄዳል፣ እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ፣ ብላ ዕቃዋን ስታነሣ፣ ይቀመጡ እንጂ ምን ያስቸኩልዎታል፣ ነገሩን ከነጥፋትዎ ይዘው መጥተው ሳይታይ ይፈረዳል እንዴ፣ ሪሃብ፣ ክፈችው።

ሪሃብ ትከፍተዋለች። ሀብትነሽ የማትጸልየው ጸሎት የለም፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ቀን የወጣለት ቅዱስ ሁሉ፣ የዕቃው ሆድ ይታያል፣ ውስጡ ትንሽ የክር ብናኝ አለ፣ ነጭ፣ የራሷ ክር፣ አየችው፣ ሪሃብም አየችው፣ ሪሃብ ግን ብናኙን በብሩሽ ጠርጋ መርፌ በሚያህል ነገር ቀጭን ሽቦ ታነሣለች፣ አባባ ይዩት፣ የማራገቢያው ሽቦ ነው፣ ፋብሪካው አጥብቆ አልሰካውም፣ ላልቶ ወጥቷል፣ እኮ ይህ ዕቃ ማራገቢያው ቆሞ ነው ሲሠራ የከረመው፣ ዳንቴሉስ፣ ይላሉ ሐጂ፣ ዳንቴሉ አፍኖታል፣ ትላለች ሪሃብ፣ ሽቦ ግን አይነቅልም፣ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። ሐጂ ወደ ሀብትነሽ ይዞራሉ፣ ዋሱ እኛ ነን እትዬ፣ ይሠራል።

ዕቃው በራ። ማራገቢያው ሹክ ሹክ ይላል፣ አልጠፋም፣ አሁንም አልጠፋም፣ የልጄ ማስተርስ እዚህ ውስጥ ነው ትላለች ሀብትነሽ፣ አሁን ጮክ ብላ፣ ሪሃብ ሳትጠየቅ ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ገልብጣ ፍላሹን ሀብትነሽ መዳፍ ውስጥ ታስቀምጥላታለች፣ ይኸው ማስተርሱ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፣ ይህች ሚጢጢ ነገር፣ የሁለት ዓመት እንቅልፍ ማጣት፣ ዕቃዋን አቅፋ መርቃቸው ትወጣለች፣ ቆይ፣ ስልኳ፣ ስልኳ የት ገባ፣ አለ፣ ይጠራል፣ ማርያማዊት ከፈተና ወጥታለች፣ እምዬ፣ እንዴት ሆነ፣ ነገርሻቸው እንዴ? ነገርኋቸው። ከዚያ ቀጭን ድምፅ፣ ሳቁብሽ?

ሳቁብሽ። ዋስትናውን አላስቀደመችም፣ ጽሑፏንም አላስቀደመችም፣ ሳቁብሽ ነው ያለችው፣ ልጅቱ ለካ አላፈረችም፣ ሰው በእናቷ እንዳይስቅ ብላ ነው፣ ይህን ሁሉ መንገድ እኔ ምን ቂም ስከምር መጣሁ፣ ሀብትነሽ ሞጣ አደባባይ መሀል ትቆማለች፣ ባጃጅ ይጮህባታል፣ አትሰማም፣ ደረቷ ሰፍቶ ነጠላው የጠበባት ይመስላታል፣ ሳቁ፣ ትላለች፣ አጥብቀው ሳቁብኝ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ዕቃሽ ተሠርቷል፣ ጽሑፍሽ እጄ ላይ ነው፣ እምዬ ብላ ልጅቱ ስትጀምር፣ ዝም በይና ስሚኝ ትላታለች፣ ሰኞ ከዶክተሮቹ መሀል የሚስቅ ቢኖር እንዳትቀመጪ፣ ቆመሽ ጨርሺው፣ እኔ ዛሬ ቆሜ ጨርሻለሁ።